መደቡ ሳይስተካከል የተጣለ ዕጣ፤ ከደሴ እስከ መካ

በጅዳ ከተማ፣ በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ፣ መደቡ ሳይስተካከል ዕጣ ተጥሎብኛል። ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት ይህ እንዲታወቅልኝ ነው። ስለ መካ ለመስማት የቸኮለ ሰው ይታገሰኝ። መካም ይመጣል፤ በደሉ ግን ይቀድማል።

ቅርጫ ገብቶ የማያውቅ የአገሬ ሰው ያለ አይመስለኝም። በሬው ይታረድና ሥጋው ቅጠል ላይ ይመደባል። ከጎድኑም፣ ከጉበቱም፣ ከአጥንቱም በየመደቡ እኩል ይደረጋል። ባለድርሻው ሁሉ ዞሮ አይቶ «ተስተካክሏል» ሲል ነው ዕጣ የሚጣለው። አንዱ ቁልፍ፣ አንዱ ቀለበት፣ አንዱ ስንጥር ይሰጣል፤ የማን እንደሆነ ያላየ ሰው እያነሳ በየመደቡ ላይ ያኖራል። ከዚያ ወዲያ የሚነጫነጭ ሰው ነውረኛ ነው። ጅዳ ላይ ግን በአንዱ መደብ ሥጋ፣ በሌላው መደብ ባዶ ቅጠል አስቀምጠው ዕጣ ጣሉ። ለእኔ ቅጠሉ ደረሰኝ።

ከዲጃ እባላለሁ፤ የደሴ ሰው ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ አያት ከሆንኩ በኋላ ነው። ያስተማረኝ ዘማች ገና ጢም ያላወጣ ልጅ ነበር፤ በጽሑፌ ጉድለት ካለ እሱን ጠይቁት። ጉዞው የተደረገው በደርግ ጊዜ ነው። ያኔ ቢሆን አልጽፈውም ነበር፤ ለምን እንደሆነ ስትደርሱበት ይገባችኋል።

አንድ ጠዋት ለሶላት ልታጠብ ውዱእ ሳደርግ ጣሳው ከቀኝ እጄ ወደቀ። ላነሳው ዝቅ ስል ቀኝ እግሬ ከዳኝ፤ አፌም ወደ ጎን ሄደ። ሐኪም ቤት ወሰዱኝ። ሐኪሙ «ቀላል ስትሮክ ነው» አለ። «ለማን ነው የቀለለው?» ልለው ፈልጌ አፌ አልታዘዝ አለኝ። በሳምንቱ አፌ ሲመለስ ሄጄ ጠየቅኩት። ከአካሌ ሁሉ ቀድሞ የዳነው አፌ መሆኑ ጎረቤቶቼን አላስገረማቸውም። እጄም ቀስ በቀስ ተመለሰ። እግሬ ግን እየተጎተተ ቀረ።

ያን ጠዋት እርጥብ መሬት ላይ እንደተጋደምኩ ተስያለሁ። አላህ ካቆመኝ ሰፋና መርዋን በገዛ እግሬ እመላለሳለሁ አልኩ። ሰፋና መርዋ በመካው ሐረም፣ በታላቁ መስጊድ፣ ውስጥ ያሉ ኮረብቶች ናቸው፤ ዑምራ፣ ማለትም ትንሹን ሐጅ፣ የሚያደርግ ሰው በመካከላቸው ሰባት ጊዜ ይሄዳል። አቅም ያጣ በጋሪ ወንበር ቢገፋ ይፈቀዳል። እኔ ግን በገዛ እግሬ ብያለሁ። እንዲህ ብሎ ተስሎ በወንበር መገፋት ለእኔ ማጭበርበር ነው።

ልጄ ዘሃራ ጅዳ አግብታ ትኖራለች። ባሏ ከፊሉን፣ ማለትም የሚያሠራውን ዐረብ፣ ለምኖ የዘመድ ጥየቃ ቪዛ አስገኘልኝ። የቀረው የቀበሌ ፈቃድ ነበር።

«ለምንድን ነው የሚሄዱት፣ እናት ከዲጃ?» አለኝ ሊቀመንበሩ።

«ለሕክምና።»

«በአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሕክምና የለም ነው የሚሉት?»

«እንግዲያው ለዑምራ።»

«ሃይማኖትማ የግል ጉዳይ ነው። ቀበሌ አያገባውም።»

«ካላገባችሁ ልሂዳ።»

«ቀበሌ በማያገባው ጉዳይ ፈቃድ አይሰጥም።»

እግሬ ስለደከመ ቁጭ አልኩ። እሱ ግን ያደምኩ መሰለው። ግራ ቀኝ አይቶ፣ «ልጅዎን ለማየት እንበለው» አለ። ስሄድም እስከ በሩ ደግፎ ሸኘኝ፤ ክፉ ሰው አልነበረም።

ሰኞ ማለዳ ከደሴ በአውቶቡስ ተነሣሁ። ጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ነበር፤ እኔም ሁለት ነጠላ ደርቤ ነበር። ኬላ ላይ አስወርደው ሲፈትሹን አንድ ወታደር እግሬን ስጎትት አየኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እናት፣ በየትኛው ግንባር ነው የቆሰሉት?» አለኝ።

«በውዱእ ግንባር» አልኩት።

የት እንደሆነ አልጠየቀኝም። ሻንጣዬን ሳይፈትሽ ተሸክሞ መለሰልኝና ሰላምታ ሰጠኝ። እስካሁን ካርታ ላይ እየፈለገው ይሆናል።

ደብረ ሲና አደርን። አልጋው ውስጥ ቁንጫ ነበረ፤ ባለቤቲቱ ግን የሞቀ ውሃ አምጥታ እግሬን አሸችልኝ። ቁንጫውን ይቅር ብያታለሁ። ማክሰኞ አዲስ አበባ፣ መርካቶ ያሉ ዘመዶቼ ቤት አደርኩ። ረቡዕ አውሮፕላን ተሳፈርኩ። የቀረበልኝ ሥጋ በማን እጅ እንደታረደ አስተናጋጇ ስላላወቀች ዳቦውን ብቻ በላሁ።

ጅዳ ስንደርስ በሩ ተከፈተ። ደረጃው አናት ላይ እንደቆምኩ ዓለም ሁሉ ነጭ ሆነብኝ። እጄን አላየው፤ ደረጃውን አላየው። ሁለተኛው ምት መጣብኝ ብዬ እዚያው ቁጭ አልኩ። ከኋላዬ ያለው ሰው ሁሉ ቆመ። ልሞት ነው ብዬ ሸሃዳ መያዝ ስጀምር አንድ ሱዳናዊ ሽማግሌ ጎንበስ ብሎ መነጽሬን አወለቀ፤ በጋቢው ጫፍ ጠርጎ መልሶ ዓይኔ ላይ አደረገልኝ። የባሕሩ ወበቅ ነው ጉም ያለበሰው። ደሴ መነጽር ጉም የሚለብሰው ከብርድ ወደ ቤት ሲገቡ ነው፤ እዚያ ደግሞ ከቤት ወደ ውጭ ሲወጡ።

ዘሃራ የምትኖረው ሂንዳዊያ የሚባል ሰፈር ነው። መንገዱ ጠባብ፣ ሱቁ ብዙ፣ ከየበሩ የሚሰማው ቋንቋ ሌላ ሌላ ነው። መስኮቷ ላይ የሚያንጎራጉር ማቀዝቀዣ ተገጥሟል። እኛ ደሴ ብርዱን ለማባረር እሳት እናነዳለን፤ እነሱ ብርዱን በማሽን ያመርቱና ከዚያ እንዳይበርዳቸው ወፍራም ብርድ ልብስ ይለብሳሉ። ለምን ማሽኑን አታጠፉትም ብዬ ጠየቅኩ። «እማ፣ አንቺ ገና ዛሬ ነው የመጣሽው» አለችኝ ዘሃራ። ሩዝና ዓሣ በአንድ ትሪ ቀርቦ አብረን በላን። ከአንድ ትሪ መብላታቸው ደስ አለኝ፤ ማን የበለጠ እንደወሰደ ይታያል።

ቅዳሜ ወደ ሆስፒታሉ ሄድን። አስተርጓሚዬ የዘሃራ ልጅ ሰልማ ነበረች፤ እዚያው ተወልዳ ያደገች፣ ለማግባት የታጨች ልጅ ናት። ዐረብኛዋ እንደ ውሃ ይፈሳል፤ አማርኛዋ እየተንጠባጠበ ነው።

«እማማ፣ ያላ፣ መውዒዳችን ደርሷል» አለችኝ። እንሂድ፣ ቀጠሯችን ደርሷል ማለቷ ነው።

ዶክተሩ ግብፃዊ፣ ወፍራምና ትሑት ሰው ነበር። ቀላል ስትሮክ የመታቸው ሰዎች በልምምድ ቶሎ ይድኑ እንደሆነ ምርምር እያደረገ ነው አለ። ከፈቀድሽ ግቢ፣ ካልፈቀድሽም ሕክምናሽን አንነፍግሽም አለኝ። ለምርምር የሚሆን እግር እንዳለኝ ነግሬው ፈቀድኩ። ነርሷ የታሸጉ ፖስታዎች አምጥታ አንዱን ቀደደች። ሰልማ ተቀብላ አነበበችው።

«ምን ይላል?» አልኳት።

«አንቺ የደረሰሽ መጅሙዓ ዷቢጣ ነው።»

«በአማርኛ ንገሪኛ።»

ጣቷን ነክሳ አሰበች። «መጅሙዓ ቡድን ነው። ዷቢጥ ደግሞ... መኮንን ነው። ኸላስ፣ የመኮንኖች ቡድን።»

ደነገጥኩ። አገሬን የሚገዙት መኮንኖች ናቸው፤ ስማቸውን በሹክሹክታ እንኳ ሳናነሳ የኖርን ሰዎች ነን። ባሕር ተሻግሬ መጥቼ እዚህም ቡድናቸው ውስጥ ተመደብኩ? ተነስቼ ልወጣ ነበር። ኋላ ግን አሰብኩ። መኮንን ሆኖ የጎደለበት ሰው በአገሬ አይቼ አላውቅም። ቤቱም፣ መኪናውም፣ ስኳሩም ቀድሞ ለእነሱ ነው። ተቀመጥኩና «ይሁን» አልኩ።

ከእኔ ጋር አንዲት ደልደል ያለች ሴት ፖስታ ተቀዶላት ነበር። ለሁለታችንም የደም ግፊት ክኒን ተሰጠን፤ ለሁለታችንም ጨው ቀንሱ ተባለ። እስከዚህ መደቡ ተስተካክሏል። ከዚያ እሷን ወደ አንድ ሰፊ ክፍል አስገቧት። በሩ ክፍት ስለነበር አየሁ። ለመጨበጥ ኳስ ሰጧት፤ ግራና ቀኝ የሚያዝ ብረት አስያዟት። ክፍሉ መካከል ላይ ደግሞ ወጥቶ ወጥቶ ወዲያው የሚወርድ፣ የትም የማያደርስ የእንጨት ደረጃ ቆሟል። እሷን ያን ደረጃ ያወጧታል፤ ያወርዷታል፤ «ጎበዝ» ይሏታል። እኔን፣ መኮንኗን፣ ኮሪደር ላይ አንዴ አስኬዱኝና «እንግዲህ ወደ ቤትሽ» አሉኝ።

«ጓድ ዶክተር» አልኩት። ምላሴ ከቀበሌ ገና አልተላቀቀም ነበር። «ያቺ ሴት ደረጃ ይሰጣታል። ለእኔ ለምን አይሰጠኝም?»

«ዕጣ ነው ይላል» አለች ሰልማ።

«ዕጣ መሆኑንማ አየሁ። ዕጣ ከመጣሉ በፊት መደቡ መስተካከል አለበት። ቅርጫ እንዴት እንደሆነ ንገሪው።»

«ቅርጫ ምንድን ነው?»

«ሥጋ ነዋ። በሬ ታርዶ ሥጋው ይመደባል።»

ሰልማ ተረጎመች። ዶክተሩ በጥሞና ሰማ፤ ራሱን ነቀነቀ፤ ረጅም ነገር ተናገረ።

«ምን አለ?»

«ሥጋ ለደም ግፊት ጥሩ አይደለም ይላል። ቀንሺ፣ በተለይ የበሬ።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ደረጃው ሥር ሄጄ ተራ እንደሚጠብቅ ሰው ቆምኩ። ነርሷ እጄን ይዛ በፍቅር አወጣችኝ። በሌላውም ቅዳሜ ቆምኩ፤ በሌላውም በፍቅር አወጣችኝ። ቪዛዬ እያለቀ፣ እግሬ እየተጎተተ ነው። ዘሃራ «እማ፣ አብሽሪ፤ በወንበር እናደርስሻለን» ስትለኝ ምሳዬን ትቼ ተነሣሁ።

አንድ ቅዳሜ ያቺ ደልዳላ ሴት ላቧን እየጠረገች አጠገቤ ተቀመጠችና በወሎ አማርኛ፣ «እቴ፣ ይቺን ደረጃ ውሰጂልኝ» አለችኝ። ሐሊማ ትባላለች። አያቷ ከወሎ ለሐጅ መጥቶ በዚያው ቀርቷል፤ እሷ መካ ተወልዳ መካ ነው ያረጀችው። አማርኛዋ የእናቴን ይመስል ነበር፤ ደሴ ዛሬ እንዲያ የሚናገር የለም።

«ምነው፣ ሥጋው ደርሶሽ ታማርሪያለሽ?» አልኳት።

«ጉልበቴን አወለቁት እኮ። አንቺ ምን አለብሽ፣ ትቀመጫለሽ። የምን ቡድን ነሽ?»

«የመኮንኖች።»

ትንሽ አሰበች። «አሃ። እኔ ምልምል ወታደር ነኛ። ለዚህ ነው የሚያሰለጥኑኝ።»

ሳቅን። ከዚያ ነገሩን ሁሉ፣ ስለቴንም ነገርኳት። ሳቋን አቆመች። «ቤቴ መካ፣ ዑተይቢያ ነው» አለችኝ። «ደረጃ ከፈለግሽ፣ የእኔ ቤት ከደረጃ በቀር ምንም የለውም። ነይ።»

በማግሥቱ፣ እሑድ፣ በታክሲ ወደ መካ ሄድን። መንገዱ ግራና ቀኝ ድንጋይ ነው። ተራሮቹ ከጦሳ አያንሱም፤ አንድም ሣር ግን የላቸውም፤ ሰው ጠጉራቸውን የነጨው ይመስላሉ። ዑተይቢያ በሰው የተጨናነቀ አሮጌ ሰፈር ነው። የሐሊማ ቤት ሕንፃው አናት ላይ ነው። እየተሳብኩ ስደርስ ሻይ ቀርቦልኝ፣ ፍራሽ ተነጥፎልኝ አገኘሁ። ለብቻዬ ትራስ አራት ሰጠችኝ። ሰው ቤቱ ውስጥ ያለውን ትራስ ሁሉ ሲሰጥ እኔ ደሴም አላየሁም።

ሰኞ ሥልጠናው ተጀመረ። ሐሊማ የተማረችውን ሁሉ ታውቀዋለች፤ መሥራቱን ነው የማትወደው። ደረጃው አናት ላይ ወንበር አስወጥታ፣ የሻይ ብርጭቆዋን ይዛ ታዘኛለች።

«ደግ ወደ ጀነት ይወጣል፣ ክፉ ወደ ጀሀነም ይወርዳል። ስትወጪ ደጉን እግር አስቀድሚ፤ ስትወርጂ ክፉውን።»

«ክፉ እግር የለኝም» አልኳት። «የተበደለ እግር ነው ያለኝ።»

«እሺ፣ የተበደለው ወደ ጀሀነም ይውረድ።»

«ይህ ምን ዓይነት ፍርድ ነው?»

«አንቺ ሴት፣ ውረጂ እንጂ።»

ወረድኩ፤ ወጣሁ። የታችኛው ፎቅ ጎረቤት፣ አንዲት የሃውሳ ሴት፣ በበሯ ባለፍኩ ቁጥር ውሃ ታቀርብልኛለች። የጠፋብኝ ነገር ያለ መስሏት አብራኝ መሬት መሬቱን እያየች ትፈልግ ጀመር። ቋንቋ ስለሌለን ልነግራት አልቻልኩም። እግሬ የማይጎተትበት ቀን መጣ። ያን ቀን አቅፋ ሳመችኝ፤ የጠፋው የተገኘ መስሏት ነው፤ አልተሳሳተችም።

በየቅዳሜው ጅዳ እንመላለስ ነበር። ሐሊማ ወደ ደረጃው፣ እኔ ወደ ኮሪደሩ።

ዑምራ ያደረግኩት ሐሙስ ነው። ካዕባን ያየሁበትን ሰዓት አልጽፍም፤ ያ የእኔ ነው። ከሐሊማ ጋር ጠዋፉን፣ ካዕባን ሰባት ጊዜ መዞሩን፣ ጨርሰን ሰፋ ላይ ስንደርስ አንድ ወንበር ገፊ ተከተለኝ። «ያ ሐጃ፣ ተቀመጪ» ይላል። «ላ» አልኩት፤ ካወቅኋቸው ጥቂት የዐረብኛ ቃላት አንዱ ነው። ወደ መርዋ ጉዞ ጀመርኩ። እሱም ለወንበሮች በተተወው መንገድ ባዶ ወንበሩን እየገፋ ትይዩ ይሄዳል። እግሬን ነው የሚያየው። ሳነክስ ይቀርባል፤ ቀጥ ስል ይርቃል። ሦስተኛው ምልልስ ላይ ሐሊማ ቆመች።

«ከዲጃ፣ ይህ ሰው ያሳዝናል። በባዶ እየተመላለሰ ነው» አለችና ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

እንዲህ ሆነ። በሆስፒታል የሰለጠነችው ተገፋች፤ ያልሰለጠነችው በእግሯ ሄደች። ሐሊማ ከወንበሯ ሆና «ደጉን አስቀድሚ» እያለች ታዘኛለች፤ ገፊውም ሳይገባው ቃሏን ይደግማል። መጨረሻው ላይ መርዋ ስወጣ እግሬ ተንቀጠቀጠ። ገፊው ወንበሩን ለቆ እጁን ዘርግቶ ቆመ። አልያዝኩትም። ወጣሁ። ሐሊማ አለቀሰችና፣ «እኔም ደክሞኛል» አለች።

ወደ አገሬ መመለሴን እዚህ ላይ ልጨርሰው፤ የዶክተሩ መልስ መጨረሻ ላይ እንዲቀመጥልኝ እፈልጋለሁ። በመጣሁበት መንገድ ተመለስኩ። ደብረ ሲና ቁንጫው ነበረ፤ ባለቤቲቱም ነበረች። የቀበሌው ሊቀመንበር አካሄዴን አይቶ፣ «እናት ከዲጃ፣ እግርዎ ድኗል እኮ። ይህማ ሕክምና ነው» አለኝ። «አይደለም፤ ልጄን አይቼ ነው» አልኩት። ፈቃዱ የሚለው እንደዚያ ነው።

ወደ አገሬ ከመመለሴ በፊት በነበረችው የመጨረሻዋ ቅዳሜ ዶክተሩ ኮሪደር ላይ አስኬደኝ። ሄድኩ፤ ዞርኩ፤ ተመለስኩ። ነርሷን ጠራት፤ እንደገና አስኬደኝ። ፊቱ በራ።

«ከቡድንሽ ሁሉ አንቺ ተሻልሽ ይላል» አለች ሰልማ። «ልምምድ አድርገሻል ወይ ብሎ ይጠይቃል።»

ሐሊማ ከበሩ ላይ ዓይኗን አፍጥጣ ራሷን ግራ ቀኝ ነቀነቀች። የለም ብል ያልፋል። ግን በደል ደርሶብኛል የሚል ሰው መዋሸት አይችልም።

«አድርጌያለሁ። በሐሊማ ደረጃ» አልኩ። «እሷ ደግሞ ሰፋና መርዋን በወንበር ነው የሄደችው።»

«ወላሂ፣ አንቺን ቤቴ ያስገባሁበት ቀን» አለች ሐሊማ።

ሰልማ ስትተረጉም ዶክተሩ ሄዶ የትም የማያደርሰው ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ሁለታችንም ከምርምሩ ወጥተናል አለ። ተገቢ ፍርድ ስለሆነ ተቀበልኩ።

«አሁን የእኔን ጥያቄ ይመልስ» አልኩ። «ለመኮንኖች ቡድን ደረጃው ለምን አልተሰጠም?»

ሰልማ ይህን ስትለው ዶክተሩ «የምን መኮንኖች?» አለ። ተነጋገሩ። ሰልማ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ዷቢጣ ማለት ማመሳከሪያ፣ የሌላው ውጤት የሚለካበት ቡድን ማለት ኖሯል። ዶክተሩ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ መልስ እየጠበቅኩ ነው። ቅርጫን ለሰልማ ቤት ውስጥ ቴምር በትሪ ላይ እየመደብኩ አስተምሬያት ስለነበር አሁን በደንብ ነገረችው፤ ቁልፉን፣ ቀለበቱን፣ ስንጥሩን፣ «ተስተካክሏል» የሚባለውን።

ዶክተሩ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ሳቁ ጠፍቶ ነበር። ቀስ ብሎ ተናገረ፤ ሰልማም ቀስ ብላ ተረጎመችልኝ።

«እማማ፣ እንዲህ ይላል። መደቡን ያላስተካከልኩት ሚዛን ስለሌለኝ ነው። ልምምዱ ሥጋ ይሁን ባዶ ቅጠል እኔም አላውቅም። ባውቅማ ኖሮ ዕጣ አልጥልም፣ ለሁላችሁም አካፍል ነበር። አሁንም አላውቅም፤ ሁለታችሁ ተለዋውጣችሁ በላችሁት።»